ዳማው ሲነፋ የሚጣድ ውሃ

ሰሞኑን ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት ስወርድ፣ ከጎሚስታው ከደምሌ ቤት ጥግ ስደርስ አንድ ሽታ መጥቶ አፍንጫዬን ያዘው። የተቃጠለ ቀለም አለበት፣ የጋለ ላሜራ አለበት፣ ፀሐይ የበላው የወንበር ስፖንጅ አለበት፤ ከሁሉ ሥር ግን ናፍታና ማር አብረው ይሸታሉ። እስቲ ፍረዱኝ፣ ናፍታና ማር አንድ ላይ የሚሸት ነገር በዚህ ምድር ላይ ምን አለ? እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው። ቀና ስል እውነትም ዳማውን እየቆረጡት ነበር። ሁለት በያጆች ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ የኦክስጅኑን እሳት ይዘው፣ አንዱ ከጣራው አንዱ ከጎኑ ሆነው እንደ ቅርጫ በሬ ይበልቱታል። ለቅርጫ በሬ እንኳ ቢላ ከመነሳቱ በፊት ይባረካል። "ኧረ በሥላሴ!" ብዬ ቀረሁ እንጂ ምን አባቴ ላደርግ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ዳማው ደግሞ የቆመው ልክ መንገዱ በሚያልፍበት ላይ ነው።

ዳማው አውቶቡስ ነው፤ ነበር ማለት ይሻላል። ቀለሙ ከቀይ ወደ ቡኒ ያደላ ስለነበር የሰቆጣ ሰው ስሙን ያወጣለት ከበቅሎ ቀለም ነው፤ የፋብሪካ ስሙን የሚያውቅ ሰው አልገጠመኝም። ከሰቆጣ ይነሳና በኮረም አድርጎ ወልድያ፣ ሲበረታም ደሴ ድረስ ይወርዳል፤ ሄዶ የሚመለሰውም ያው አንዱ ዳማው፣ የሚነዱትም ያው አንዱ አያ ፈንታ ናቸው፣ የጎሚስታው የደምሌ አባት። ጣራው ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ፣ የዋግ ማር በቆርቆሮ ይጫናል። ፀሐይ ሲበረታ ማሩ ይቀልጥና በመስኮቱ መስተዋት ላይ እየተንጠባጠበ ይወርዳል፤ ከመስኮቱ አጠገብ ቦታ የደረሰው ልጅ እጁን አሾልኮ በጣቱ እየጠረገ፣ እናቱ ጭኑን እስክትቆነጥጠው ድረስ የኮረምን መንገድ እየላሰ ይሄዳል። እኔ ከላሾቹ አንዷ ነበርኩ። ለዚህም ነው እስከ ዛሬ ትንሽ ናፍታ ናፍታ ያላለኝ ማር ስኳር የተቀላቀለበት የሚመስለኝ።

ባለፈው ክረምት ልጄ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ በስልኳ አንድ ነገር አሳይታኝ ነበር። በአንድ ሩቅ አገር ያረጁ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ከሥራ የሚሰናበቱበት ቀን ነው። እኔ መቼም ባቡር ሲባል ቀድሞ የሚታየኝ የእህል ወፍጮ ነው፤ በእኛ አገር ባቡር እሱ ነዋ! የሰዉ ብዛት ግን ጉድ ነው። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ወጣቱ ካሜራውን ደግኖ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ የባቡሩን በር እየዳበሰች እንባዋን ታፈሳለች። ከባቡሮቹ አንዱን ቀለም ቀብተው ሙዚየም አስገቡት፤ የቀሩትን አንድ ትልቅ ማሽን እየነከሰ እንደ ጎመን ከተፋቸው። "ለብረት ይለቀሳል እንዴ እማ?" ብላ ልጄ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። አሁን በጎሚስታው ጥግ ቆሜ ያን ሳቄን መልሼ ዋጥኩት።

እኔ የምናገረው ስለ ብረቱ ብቻ አይደለም። ከተማችን ጎድጓዳ ናት፤ በኮረም በኩል የሚመጣ መኪና ከአፋፉ ላይ ሲደርስ ሰቆጣን ቁልቁል ያያታል፣ ከዚያም ጠመዝማዛውን መንገድ ተከትሎ ይወርዳል። አያ ፈንታ አፋፉ ላይ ሲደርሱ ከራሳቸው በላይ የተንጠለጠለችውን ገመድ ሳብ ያደርጋሉ፤ ዳማው ያን ጊዜ ጥጃዋን እንደምትጠራ ላም ረዘም አድርጎ "እምቧ" ይላል። ጡሩምባው ሲሰማ መንገደኛ ያለበት ቤት ሁሉ የእግር ውሃ ይጣዳል። መንገደኛ የሌለበትም ቤት ይጥዳል፤ ማን እንደሚመጣ ምን ይታወቃል? የሚገርመው ነገር ዳማው ጠመዝማዛውን ወርዶ ከተማ እስኪገባ ውሃው ልክ ለብ ይላል፤ አይፈላም፣ አይቀዘቅዝም። ሰቆጣ ውስጥ የእግር ውሃ በእሳት ሳይሆን በዳማው ይለካ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በሌላው አገር ሞት የሚለፈፈው በጡሩምባ ነው፤ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ በማለዳ ይወጣና ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ዳማው ግን ሬሳ ከጫነ፣ ወይም መርዶ ነጋሪ ከያዘ አፋፉ ላይ አይነፋም። ዝም ብሎ ይወርዳል። ማን እንደጀመረው እንጃ፤ አያ ፈንታም ሲጠየቁ "እንዴት ብዬ ሬሳ ይዤ ልጨፍር?" ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። ስለዚህ አቧራው ከአፋፉ ታይቶ ድምፅ ካልተሰማ፣ አቧራውን አይታ ቀድማ ውሃ የጣደች ሴት ውሃዋን አውርዳ ትደፋለች፤ ሁሉም በየደጁ ይቆማል፤ ዛሬ የማን ቤት ነው እያለ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል።

አባቴ ድሬሰር ነበር፤ ከደብረ ታቦር ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ሰቆጣ እናቴን አግብቶ የቀረ። ከዋግ ገጠር፣ ከአበርገሌና ከዝቋላ፣ በእግሩ የመጣውን በሽተኛ ሁሉ ሲወጋ፣ ሲያክም፣ ሲቆጣ የሚውል ሰው፣ አንድ ክረምት የገዛ ሆዱ ያዘውና ኩርምት አለ። ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል ተብሎ በዳማው ተጭኖ ደሴ ወረደ። የሰቆጣ ሰው አፉ አያርፍም፤ "መርፌ ፈርቶ ነው የሸሸ" ይሉት ነበር፤ እናቴም ፊት ለፊት ትስቅና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። ስልክ እንደ ዛሬው በየኪሱ የለ፤ ወሬ የሚያመጣው ዳማው ነው። ዳማው በተነፋ ቁጥር እናቴ ውሃ ትጥዳለች፤ ዳማው ይገባል፤ አባቴ የለም። ውሃው ደግሞ በከንቱ አይደፋም፤ እኔን ትጠራና የእኔን እግር ታጥባለች። እግሬ እንደዚያ ክረምት ንጹህ ሆኖ አያውቅም። እያጠበችኝ ግን አታየኝም ነበር፤ ዓይኗ አፋፉ ላይ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ እንደወጣች፣ ዳማው ከአፋፉ ላይ ታየ። ጠበቅን። አልተነፋም። ጭራሽ ከወትሮው ፈጥኖ ቁልቁል ይወርዳል። ያን ሰሞን ከሰቆጣ ወጥቶ ደሴ ሆስፒታል የተኛ ሰው አባቴ ብቻ መሆኑን ከተማው ያውቃል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ እኛ ደጅ አዞረ። እናቴ አቧራውን አይታ የጣደችውን ውሃ ከነሸክላው አሽቀነጠረችው። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጸጉሯን ነጨች፣ በአማርኛ ጀመረችና ወዲያው በእናቷ ቋንቋ በኽምጣንጋ ገባችበት፤ እናቴ ኽምጣንጋ የምታወጣው ነገሩ ከአንጀቷ ሲሆን ነው። ጎረቤቱ ተቀበላት። መኪና ማቆሚያው እስክንደርስ ከተማው ግማሹ ተከትሎናል፤ ዋይታው አገር ይሰማል። እኔም እናቴን እያየሁ ጮህኩ፤ የአባቴ መሞት ገብቶኝ ሳይሆን የእናቴ ፊት አስፈርቶኝ ነው።

ዳማው መጥቶ ቆመ። በሩ ተከፈተ። አሁን እንግዲህ ከመኪናው የሚወርደውን ሰው አስቡት፤ ጭቃና ድካም ያንገላታው መንገደኛ በሩን ከፍቶ ሲያይ ከተማው በሙሉ ደረቱን እየደቃ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ሰውዬ አንዴ አየና "ወይኔ እናቴ!" ብሎ ጋቢውን ጣለ፤ የእሱ እናት ሞታ መስሎት ነዋ! ከኋላው ያለችው ሴት እሱን አይታ "ወንድሜን!" አለች። ተሳፋሪው እየወረደ ለየራሱ ሟች ማልቀስ ጀመረ፤ ጠባቂው ተሳፋሪው ሲያለቅስ አይቶ ነገሩ እርግጥ ነው አለና ባሰበት። በዚህ መሐል አባቴ፣ አንድ እጁን በተሰፋው ሆዱ ላይ አድርጎ፣ በሌላው በሩን ተደግፎ፣ ጉንጩ በእንባ ርሶ ብቅ አለ። እናቴን ዋይ ስትል አያት።

"ማን ነው የሞተብን?" አለ ድምፁ እየተቆራረጠ።

"አንተ!" አለች እናቴ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመንገር አቅም የለኝም። ያለቀሰው ሁሉ ሳቀ፣ የሳቀው ተመልሶ አለቀሰ፤ ቄሱም፣ ነጋዴውም፣ ዘበኛውም መሬት ላይ ተቀምጠው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ አባቴ ብቻ ስፌቱ እንዳይፈታ "አታስቁኝ፣ በእመቤቴ አታስቁኝ" እያለ ይለምናል። አያ ፈንታ ከመሪው ሳይነሱ ግንባራቸውን መሪው ላይ ደፍተው ቀሩ። የጡሩምባው የአየር ጎማ መንገድ ላይ ተተርትሮ ኖሯል። አፋፉ ላይ ገመዱን ቢስቡ "ፉስ" ብሎ ቀረ። "ሰዉን ጨረስኩት!" ብለው ለቅሶው ሳይጀመር ልድረስ ሲሉ ፈጥነው መውረዳቸው ነው ነገሩን ያባሰው።

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ። እናቴ ጸጉሯን ሳትሠራ፣ ፊቷ እንደተቧጨረ ተቀበለቻቸው። አባቴ "ምን ይቅርታ አለው፣ ብረት አይደለም ወይ፣ ይበላሻል" ቢል ሰሚ አላገኘም። "አንተ ዝም በል፤ የሞትከው አንተ፣ የተቃጠልኩት እኔ" አለችው። ሽማግሌዎቹ ካሣ ምን ይሁንልሽ ቢሏት፣ ሌላ አልፈልግም፣ ጡሩምባው ሁለት ይሁን፣ አንዱ ቢሞት አንዱ እንዲናገር አለች። አያ ፈንታም ደሴ ሲወርዱ ሁለተኛ አስገጠሙ። ከዚያ በኋላ ዳማው በሁለት ድምፅ የሚጮህ ሆነ፤ አንዱ ወፈር፣ አንዱ ቀጠን ያለ። ቀጭኑን እናቴ "የእኔ" ትለው ነበር። አባቴ ደግሞ ያን ቀን ማን አልቅሶለት ማን ዝም ብሎ እንደቆመ በጥንቃቄ አጣርቶ ያዘ፤ ብዙ ዓመት ኖሮ በሽምግልናው እስኪያርፍ ድረስ፣ መርፌ ሊወጋው ያቀረበውን ሰው "አንተ እኮ ለቅሶዬ ላይ አንዲት ዘለላ እንባ አላወጣህም" እያለ ሲያስጨንቅ ኖረ።

አያ ፈንታን ሳስብ ግን ከጡሩምባው ይልቅ ትዝ የሚለኝ እግራቸው ነው። ምን ዓይነት ሰው ነበሩ መሰላችሁ! ከዝቋላ ቀን ሙሉ በእግሯ ተጉዛ የመጣች ነፍሰ ጡር ካለች የፊተኛው ወንበር የእሷ ነው፤ ባለሥልጣንም ቢሆን ተነስቶ ይቆማል። ዳገት ላይ ዳማውን በስሙ ጠርተው "አይዞህ፣ ደረስን" ሲሉት እኛ ልጆቹ መኪናው የሚሰማ ይመስለን ነበር፤ እኔማ ዛሬም አይሰማም ብዬ አልምልም። ታዲያ ዳማው ገብቶ ሰዉ በየቤቱ ተበትኖ ለብ ባለው ውሃ እግሩን ሲዘፈዝፍ፣ እሳቸው ጨርቅና መፍቻ ይዘው ከዳማው ሥር ይገቡ ነበር። ሲያጠብቁ፣ ዘይት ሲያዩ፣ ፍሬን ሲፈትሹ ይመሻል። ከመኪናው ሥር ወጥቶ የሚታየው አቧራ የለበሰው እግራቸው ብቻ ነው። ሚስታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ውሃ ጥደው ጠብቀው ጠብቀው ሲቀዘቅዝ ያወርዱታል። ሁላችንን ያስገቡን ሰውዬ እሳቸው ራሳቸው ሲገቡ ማንም አላያቸውም።

ዳማው እንደ ሰው ቀስ እያለ ነው ከሥራ የወጣው። መጀመሪያ ደሴ መውረድ ቀረ፣ ቀጥሎ ወልድያ፣ ከዚያ ኮረም ደርሶ መመለስ ብቻ። መለዋወጫው ጠፋ፤ ሚኒባሱና ቅጥቅጡ መጣ። በመጨረሻ አያ ፈንታ ከደጃቸው አቆሙት፣ ከጎማው ሥር ድንጋይ አደረጉለት፣ ፊቱን ወደ አፋፉ አዞሩት። ዶሮ እንቁላል ጣለችበት፣ ልጆች ሰርግና ሹፌርነት ተጫወቱበት። በክፉው ጊዜ ስንት ነገር ሲወሰድ እሱን የነካው አልነበረም፤ ከብዶ ይሁን ተከብሮ እንጃ። የአያ ፈንታ ዓይን ከደከመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ደምሌ እየመራ ያስገባቸውና መሪያቸውን ጨብጠው ይቀመጡ ነበር፤ የሚያሳፍሩት ሰው የለ፣ ፀሐይ ይሞቃሉ።

እንግዲህ ያን ዕለት እኔ ስደርስ አያ ፈንታ ከጎሚስታው በር ላይ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው የመቆረጡን ድምፅ ይሰማሉ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። "የድሬሰሩ ልጅ" አሉኝ በድምፄ አውቀውኝ፣ "አሁን የደረሱት ኮፈኑ ላይ ነው፣ አይደል?" ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ዳማውን አንድ በአንድ ይከተለዋል። ከልጃቸው የለመኑት አንድ ነገር ነበር፤ ጡሩምባዎቹ ሰቆጣ እንዲቀሩ። ደምሌ ጣራው ላይ ወጥቶ ፈታቸው፤ ወፍራሙ በዝገት ተበልቷል፣ ቀጭኑ፣ የእናቴ፣ ደህና ነው። ጎማ ከሚነፋበት ኮምፕሬሰር ጋር ቢያገናኘው እንደሚጮህ ነገረኝ።

በማግስቱ የጭነት መኪናው መጥቶ የዳማውን ቁርጥራጭ ሲጭን ሰዉ ሳይጠራ ተሰበሰበ። ደምሌ ጡሩምባውን አዘጋጅቶ፣ መኪናው አፋፉ ላይ ሲደርስ ልንፋው ወይ ብሎ አባቱን ጠየቀ። አያ ፈንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ተው ልጄ፣ ሬሳ ነው የያዘው። በዳማው የጸና ደንብ በዳማው አይፈርስም" አሉ። ድምፃቸው ሲሰበር ሰማን፤ ሁላችንም አቀረቀርን፤ ልክ ናቸዋ፣ ደንቡን ጠብቀው ያቆዩት እሳቸው ናቸው።

እናቴ ያን ጊዜ ደረሰች። ቤታችን ከጎሚስታው ጀርባ ነው፤ በከዘራዋ እየተመረኮዘች መጥታ ነገሩን ስትሰማ ነደደች። "በዝምታማ አይሄድም! አንድ ቀን በዝምታ ገብቶ ያደረገኝን እኔ አውቃለሁ። ደግሞስ ዳማው መቼ ሞተ? ያደረሰው ሁሉ እዚህ ቆሞ የለም ወይ? ይነፋ! ቀጭኑ የእኔ ነው፣ እኔ አዝዣለሁ!" አለችና የማንንም መልስ ሳትጠብቅ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የዚያ ሩቅ አገር ሰዎች የኤሌክትሪክ ባቡራቸውን ለማቆየት ሙዚየም አላቸው፤ እኛ ያለን የእናቴ ቁጣ ነው። አያ ፈንታ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ አሉ። "እንግዲያው የጡሩምባው ባለቤት ካለች ይነፋ" አሉ።

የጭነት መኪናው ዳማውን ይዞ ጠመዝማዛውን ወጣ። አፋፉ ላይ ሲደርስ ደምሌ ቧንቧውን ከፈተው። መጀመሪያ አቧራና የሸረሪት ድር ተፋ፣ አንዴ አነቀው፣ ከዚያ ያ ቀጭኑ ድምፅ ሰቆጣን ከዳር እስከ ዳር ሞላት። ጉሮሮዬ ውስጥ ማሩም ናፍታውም አብረው መጡብኝ፤ አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ። በየደጁ አሮጊቶች እጃቸውን እየጠረጉ ወጡ፣ እጃቸውን ከግንባራቸው ላይ ጋርደው አፋፉን አዩ። ወጣቶቹ ምን ተፈጠረ ብለው ስልካቸውን አዩ። የሚወርድ ግን አልነበረም። በዚያው ቅጽበት የእኔም ስልክ ጮኸ፤ አንስቼ ዘጋሁት። ስልኬ ለሰርግም ለሞትም ለካርድ ማስታወቂያም ያው አንድ ጩኸት ነው የሚጮኸው፤ ደህና መጥተናል ብሎ ከሩቅ የሚነግር፣ ውሃ እስኪሞቅ ጊዜ የሚሰጥ ነገር ከእንግዲህ የለንም።

ሰዉ ሊበተን ሲል እናቴ ከቤት ጀርባ ብቅ አለች። የጎረቤት ልጅ ማንቆርቆሪያ ይዛ ተከትላታለች፤ እሷ ያን ክረምት እግሬን ታጥብበት የነበረውን የእንጨት ገበቴ አቅፋለች። በሕዝቡ መሐል አልፋ ገበቴውን ከአያ ፈንታ እግር ሥር አኖረችና፣ ጉልበቷ እየተንቋቋ ተንበረከከች።

"አያ ፈንታ፣ ጡሩምባው ተነፋ እኮ" አለች። "እግርዎን ይስጡኝ።"

"ኧረ ተዪ አንቺ ልጅ፣ እኔ ደግሞ ከየት መጥቼ?"

"ከደሴ" አለች እናቴ፤ የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀምራለች። "ያን ጊዜ ባሌን ይዘው ከመጡበት።"

አያ ፈንታ እግራቸውን ቀስ ብለው ሰጧት። ውሃው ለብ ብሎ ነበር።